ትኩረት ሲበረታ ዓይን የሚያልፈው፦ በዓይናቸው ለሚሠሩ የጅማ ሰዎች

ጅማ ውስጥ በዓይኑ እንጀራውን የሚበላ ሰው ብዙ ነው። በቡና ማዘጋጃ መጋዘን ከጠዋት እስከ ማታ የተበላሸውን ፍሬ የሚለቅሙ ሴቶች፣ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ለወባ የተወሰደ የደም ናሙና የሚያነቡ ባለሙያዎች፣ በስፌት መኪና ላይ ያቀረቀሩ ልብስ ሰፊዎች፣ ለፈተና የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሁሉም አንድ ትንሽ ነገር ላይ ለረጅም ሰዓት እንዲያተኩሩ ይጠበቅባቸዋል። ለሁሉም የሚሰጠው ምክር ደግሞ አንድ ነው፤ «ልብ ብለህ እይ»፣ «ልብ ብለሽ እይ» ይባላሉ። ምክሩ ስህተት የለበትም፤ ግን ግማሽ ነው። ልብ ብሎ ማየት የታሰበውን ነገር የሚያጠራውን ያህል ያልታሰበውን ይሰውራል፤ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ የታሰበውን ራሱን እስከ ማደብዘዝ ይደርሳል። ከዚህ በታች የቀረበው ይህ መሰወርና መደብዘዝ እንዴት እንደሚፈጠር በገዛ ዓይን የሚታወቅበት መንገድና ሥራ እንዳያበላሽ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዓይናችን ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ እኩል አጥርቶ አያይም። ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጥፍር ይመልከቱ፤ ዓይን በአንድ ጊዜ በሙሉ ጥራት የሚያየው ስፋት ከዚያች ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የቀረው ሻካራ ሥዕል ሲሆን፣ ሁሉንም ያየን የሚመስለን ዓይን በፍጥነት ከቦታ ቦታ እየዘለለ ስለሚለቅምልን ነው። በዚህ ላይ ትኩረት የራሱን ምርጫ ይጨምራል። ጀርመናዊው የፊዚክስና የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊደላት የተጻፉበትን ሰሌዳ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቅጽበት እያበራ ራሱን ፈትኖ ነበር። ዓይኑን ከመሃል ሳያነቃንቅ አስቀድሞ በሐሳቡ ወደ መረጠው ጥግ ብቻ ትኩረቱን ሲልክ፣ የዚያ ጥግ ፊደላት ይለዩለትና የቀሩት ያመልጡት ነበር። እንግዲህ ዓይን የሚያይበት ቦታና ልብ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ውኃ ወደ አንድ ቦይ ሲመለስ ሌላው ቦይ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ ለአንዱ ጥግ የተሰጠ ትኩረት ከሌላው የተወሰደ ነው።

በራስዎ ዓይን መሞከር

ሥራዎን ከማስተካከልዎ በፊት የሚከተሉትን ሙከራዎች ቤትዎ ሆነው ያድርጓቸው። ምንም ወጪ የላቸውም፤ በወሬ ከመስማት ይልቅም በእጅጉ ያሳምናሉ።

ነጭ ወረቀት ያዘጋጁና በመሃሉ በእስክሪብቶ ጥቁር ነጥብ ያድርጉ። ከነጥቡ በስተቀኝ አንድ ጋት ያህል ርቀው በእርሳስ የሳንቲም ስፋት ያለው በጣም ፈዛዛ ክብ ያጥቁሩና ጠርዙ እንዳይለይ በጣትዎ ያሹት። ከዚያ ወረቀቱን ከፊትዎ ሁለት ስንዝር ያህል ያርቁና አንድ ዓይንዎን በእጅዎ ሸፍነው በሌላው ነጥቧን ብቻ ይመልከቱ። እንዳይርገበገቡ፣ ወደ ክቡም እንዳያዩ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ክቡ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄድና ቦታው በወረቀቱ ንጣት ይሞላል። አንድ ጊዜ ዓይንዎን ቢያርገበግቡ ወይም ጥቂት ቢያነቃንቁ ወዲያው ተመልሶ ይታያል። ይህን በጽሑፍ ያሰፈረው በ1804 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኢግናትስ ትሮክስለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ የእይታ ነርቮች የሚነቃቁት በለውጥ መሆኑ ነው፤ ያልተለወጠ ምልክት በመጣ ቁጥር ምላሻቸው ይደክማል። በተለመደው ጊዜ ዓይን ራሳችን የማናውቃቸውን ጥቃቅን እንቅስቃሴዎች ስለሚያደርግ ሥዕሉ አይጠፋም፤ በአንድ ነጥብ ላይ አጥብቀን ስንተክለው ግን ዳር ላይ ያለው፣ በተለይም ፈዛዛውና ጠርዙ ያልጠራው፣ ይጠፋል።

ሁለተኛው ሙከራ ከቤት ውጭ ነው። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ በከተማችን መሃል በሚያልፈው በአዌቱ ድልድይ ላይ ይቁሙና ከሚፈሰው ውኃ መካከል አንድ የማይነቃነቅ ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ መርጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይንዎን እሱ ላይ ይትከሉ፤ ከዚያ በድንገት ወደ ዳሩ ሣር ይመልከቱ። ሣሩ ከወንዙ ተቃራኒ ወደ ላይ የሚንሸራተት ይመስልዎታል። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው በ1834 በስኮትላንድ በሚገኘው የፎየርስ ፏፏቴ አጠገብ ቆሞ ያየውን ይህንኑ ጽፎታል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ዙር ነው። አሁንም ዓይንዎን እዚያው ድንጋይ ላይ ይትከሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን አብሮዎት ያለው ሰው በጣቶቹ ከድንጋዩ አቅጣጫ ቁጥር እያሳየዎት እርስዎ ድምሩን በልብዎ ይያዙ። ውኃው ያው፣ ዓይኑም ያው፣ የቆየበት ጊዜም ያው ሆኖ ሳለ የሣሩ መንሸራተት ባብዛኛው ቶሎ ያበቃል። ትኩረት ከእንቅስቃሴው ሲወሰድ የሚከተለው ቅዠት እንደሚያጥር በ1990 በታተመ የምርምር ሥራ ታይቷል። ይህም ማለት ትኩረት የሚሠራው ሐሳብ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ከዓይን የሚቀበለው ምልክት ገና በሚቀናበርበት ደረጃ ላይ እጁን ያስገባል።

ፊት ለፊት ሆኖ የማይታይ ነገር

በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አዘጋጅተው ተመልካቾች ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ አደረጉ። በመካከሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን መትቶ ወጣ፤ ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ይህ ታሪክ በሰፊው ስለሚወራ ብዙ ሰው «እነሱ ተራ ሰዎች ናቸው፣ የለመደ ባለሙያ አያመልጠውም» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆነው በ2013 የታተመው ጥናት ነው። 24 ራዲዮሎጂስቶች (የራጅና የስካን ምስል የሚያነቡ ሐኪሞች) በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ ትናንሽ እብጠቶችን እንዲፈልጉ ተደርጎ በመጨረሻው ምስል ላይ የጎሪላ ሥዕል ተቀመጠ፤ ሥዕሉ ከተለመደው እብጠት 48 ጊዜ ይበልጥ ነበር። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲመረመር ደግሞ ካላዩት መካከል አብዛኞቹ ዓይናቸው ጎሪላው ያለበት ቦታ ላይ አርፎ ነበር። ዓይን አልሰነፈም፤ ልብ የታዘዘውን ብቻ ለቀመ።

አሁን ወደ ቡና መልቀሚያው ጠረጴዛ እንምጣ። ለቃሚዋ ከፊቷ የፈሰሰውን ግራጫማ አረንጓዴ ፍሬ በመዳፏ ስትዘረጋ ዓይኗ ጥቁሩን ፍሬ በጥቁረቱ ይይዛል፤ ለዚህ ልፋት የለም፣ ራሱ ዘልሎ ይወጣል። ጎምዝዞ ወደ ቡናማነት የተለወጠው ትንሽ ይከብዳል። ነፍሳት የበሳው ፍሬ ግን ቀለሙ እንደ ጤነኛው ሆኖ ምልክቱ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ብቻ ስትሆን፣ ቀዳዳዋም በታች በኩል ከዋለች ፍሬው ካልተገለበጠ አትታይም። ቀለም ፍለጋ የገባ ዓይን ይህችን ቀዳዳ እያየ ያልፋታል፤ የቡና መልክ ያለውን ጠጠርም እንደዚሁ። ስለዚህ ሁሉንም ጉድለት በአንድ ዙር እንዲለቅሙ አይዘዙ፣ እርስዎም አይሞክሩ። ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መፈለግ የሁለቱንም ፍለጋ እንደሚያዳክም በተደጋጋሚ ታይቷል። አንደኛው ዙር ለቀለም ይሁን፤ ጥቁር፣ ጎምዛዛና ያልበሰለ ፍሬ ይውጣ። ሁለተኛው ዙር ለቅርጽና ለባዕድ ነገር ይሁን፤ የተበሳ፣ የተሰበረ፣ ጠጠርና እንጨት ይፈለግ፤ በዚህኛው ዙር ፍሬው በአንድ ንብርብር ብቻ ይዘርጋና በመዳፍ ይገላበጥ። ባለቤቶች «ጊዜ ያባክናል» ማለታቸው አይቀርም፤ እኔ ግን አንድ ዙር አልቆ ገዢው ናሙናውን ሲመልስ የሚባክነው ጊዜ ይበልጣል ባይ ነኝ።

በእርጥብ ወፍጮ ለሚሠሩ ደግሞ ተፈጥሮ ያገዘቻቸው ነገር አለ። የታጠበው ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ገና እርጥብ ሳለ በስስ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ጉድለት ጎልቶ ይታያል፤ ሲደርቅ ቅርፊቱ ይነጣና ይሸፍነዋል። ከባዱ ለቀማ በዚያች ሰዓት ቢከናወን በኋላ ከትኩረት የሚጠበቀው ይቀንሳል። በአጠቃላይ ጉድለቱን በብርሃን፣ በእርጥበትና በመደብ ቀለም ማጉላት ሲቻል ሠራተኛዋን «አጥብቀሽ እይ» ማለት ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ጉድለት ሲገኝ የሚፈጠረው ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። ፈላጊ የመጀመሪያውን ባገኘ ቅጽበት እርካታ ይሰማውና ፍለጋውን ያላላል፤ ከጎኑ ያለው ሁለተኛው ያመልጠዋል። በላቦራቶሪ የወባ ጥገኛ የታየበት ናሙና ላይ ሌላ ዝርያ ወይም የሚያገረሽ ትኩሳት ተሕዋስ አብሮ መኖሩን መፈተሽ የሚዘነጋው እንዲህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ግኝቱን ወዲያው በወረቀት ያስፍሩ፣ ከአእምሮዎ ያውጡት፣ ከዚያ ምንም እንዳላገኙ ሆነው ቀሪውን እንደ አዲስ ይጀምሩ።

ብርቅ የሆነ ነገር ይበልጥ ያመልጣል

ይህ ክፍል ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች በሥዕል ክምችት ውስጥ አንድ ዕቃ እንዲፈልጉ ተደረገ። ዕቃው ከሥዕሎቹ በግማሹ ላይ በነበረበት ጊዜ ፈላጊዎቹ የሳቱት 7 በመቶውን ነበር፤ ከመቶ በአንዱ ላይ ብቻ በነበረበት ጊዜ ግን የሳቱት 30 በመቶውን ሆነ። ዓይናቸው አልተለወጠም። አእምሯቸው «የለም» የሚለውን መልስ ስለለመደ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚሰጠው ጊዜ አጠረ።

ወባ በሚበዛበት ወቅት ብዙ ናሙና ጥገኛ ስለሚገኝበት አንባቢው ንቁ ነው፤ በደረቁ ወር ከቀን ቀን «የለም» ሲጽፍ ግን ያው ሰው፣ በዚያው ማይክሮስኮፕ፣ ይበልጥ ይስታል። ስለዚህ «አልተገኘም» ብሎ ከመፈረም በፊት በ1000 ጊዜ ማጉያ ቢያንስ 100 መስኮች (በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታዩ ክቦች) መታየት አለባቸው የሚለው የተለመደ መመሪያ ለይስሙላ የተቀመጠ አይደለም፤ አእምሮ «በቃ» የሚልበትን ሰዓት በቁጥር የሚያስገድድ አጥር ነው። መስኮቹን በግምት ሳይሆን በእጅ መቁጠሪያ ይቁጠሩ፤ ስላይዱንም (ናሙናው የተቀባበትን ብርጭቆ) ወዲያ ወዲህ ሳይሆን መስመር በመስመር ያንቀሳቅሱ። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ውጤታቸው የታወቀ፣ ጥገኛ ያለባቸው ናሙናዎችን ሳይነግር በመካከል ማስገባትና ውጤቱን ወዲያው ማሳወቅ ይችላል። ይህ የሚደረገው ለመቅጣት ከሆነ ሰዎች ይደብቃሉና ጥቅሙ ይቀራል።

በቡናም ይኸው ይሠራል። ጥራቱ ከፍ ያለ ቡና ሲመጣ ለቃሚዎች ይበልጥ ይስታሉ፤ ይህ ብዙ ኃላፊዎችን የሚያስገርም ነው። በየተወሰነ ሰዓቱ ቁጥራቸው የታወቀ ጥቁር ፍሬዎችን በአንድ ሰፌድ ቡና ላይ ቀላቅሎ ስንቱ እንደተመለሰ መቁጠር ዓይኑን መልሶ ያነቃዋል። የቀላቀሉትን ቁጥር መጻፍ ግን አይርሱ፤ አለዚያ ያስገቡትን ጉድለት ለገዢው ይሸጡታል።

ሰዓቱ ሲረዝም

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ የራዳር ተመልካቾች ለምን ሰዓት ሲገፋ ምልክት እንደሚያመልጣቸው እንዲያጠና የተጠየቀው ኖርማን ማክዎርዝ፣ ውጤቱን በ1948 አሳተመ። ተፈታኞቹ በነጭ ሰሌዳ ላይ እየዘለለ የሚዞር ቀስት ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተመለከቱ አልፎ አልፎ እጥፍ ሲዘልል እንዲያመለክቱ ታዘዙ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ብቃታቸው በግልጽ ወረደ። ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው በግማሽ ሰዓት ሥራ መለዋወጥን ነው፤ የምትለቅመው ትመዝን፣ የምትመዝነው ትልቀም፤ ስላይድ የሚያነበው ናሙና ይቀበል። ሙሉ ዕረፍት ካልተገኘ የሥራ ለውጥም ይረዳል።

የቡና ሰዓትን በተመለከተ አሠሪዎች አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል መጠበቁን እንደ ስንፍና ሲቆጥሩት እሰማለሁ። ካፌይን ንቃትን እንደሚያቆይ የታወቀ ነው፤ ከሲኒው በላይ የሚጠቅመው ግን ዓይን ከቅርብ ሥራ ተላቆ ሰው ፊትና ደጅ ላይ መዋሉ ነው። ዕረፍቱን ስልክ ላይ አቀርቅሮ ያሳለፈ ሰው ግን ወንበር ለወጠ እንጂ ዓይኑን አላሳረፈም።

ትኩረት በዓይን አካል ላይም ምልክቱን ይተዋል። በተለመደው ጊዜ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ በስክሪን ወይም በጽሑፍ ሲመሰጥ ይህ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። እንባው በዓይኑ ገጽ ላይ እኩል ስለማይዘረጋ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ እይታውም ይደበዝዛል፤ ቢያርገበግቡት የሚጠራ ብዥታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። በቅርብ ነገር ላይ ለሰዓታት የሠራ ዓይን ደግሞ የውስጥ ጡንቻው እንደተኮማተረ ስለሚቆይ ቀና ሲሉ ሩቁ ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ከ6 ሜትር በላይ ርቆ ወዳለ ነገር መመልከት የሚመከረው ለዚህ ነው። መስኮትዎ ወደ ጅሬን ኮረብታ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አቅጣጫ የሚያሳይ ከሆነ ከዚያ የተሻለ ማረፊያ አይፈልጉ፤ ካልሆነ የመንገዱ ማዶ ጣሪያ ይበቃል። ሲመለከቱም ሆን ብለው ደጋግመው ያርገብግቡ።

የዓይን ብሌንም ከሐሳብ ጋር ይሰፋል። በ1966 ዳንኤል ካህነማንና ጃክሰን ቢቲ ሰዎች ቁጥሮችን በቃላቸው ሲይዙ ብሌናቸው በያዙት ቁጥር ልክ እየሰፋ፣ ሲናገሩት ደግሞ እየጠበበ እንደሚሄድ አሳይተዋል። የሰፋ ብሌን ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ሩቅና ቅርቡን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የማየት አቅምን ግን ይቀንሳል፣ ብርሃንም ያስፈራዋል። እዚህ ላይ በእኛ አካባቢ ሊታለፍ የማይገባው ጫት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ሲሆን ብሌንን ያሰፋል፣ ንቃትንም ይጨምራል። በምርቃና ያጠና ተማሪ ሁሉም ነገር የጠራለት ይመስለዋል። ስሜቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የጥራት ስሜትና የእይታ ጥራት የተለያዩ ናቸው፤ እንቅልፉን ያጣ ዓይን በማግስቱ ፈተና ላይ መስመር ይዘልላል። ይህን የምለው ለመስበክ ሳይሆን፣ «ትኩረቴ ጨመረ» የሚለው ምስክርነት ስለ ዓይን ምንም እንደማያረጋግጥ ለማሳየት ነው።

ማየት መልክን ሲለውጥ

ሁለት የናሙና ተመልካቾች በአንድ ቡና ላይ ሲከራከሩ፣ አንዱ «ጠቁሯል» ሌላው «ደህና ነው» ሲል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ማሪሳ ካራስኮና ባልደረቦቿ በ2004 እንዳሳዩት ትኩረት የተላከበት ነገር ከመደቡ ያለው የብርሃን ልዩነት ከእውነተኛው በልጦ ይታያል፤ አንድ እድፍ ላይ አፍጥጦ የቆየ ሰው እድፉ በእርግጥ ጠቁሮ ይታየዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ለረጅም ጊዜ አረንጓዴማ ነገር ያየ ዓይን ለአረንጓዴ ስሜቱ ይደክምና ቀጥሎ የሚያየው ነገር ወደ ቀይነት ያዘነበለ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀለም በሚዳኝበት ጊዜ በማስታወስ አይፍረዱ። የታወቀ የማመሳከሪያ ናሙና ከሚፈተሸው ጎን፣ በአንድ ብርሃንና በአንድ መደብ ላይ ያስቀምጡ፤ በየናሙናው መካከል ዓይንዎን ወደማያብረቀርቅ ግራጫ ወረቀት ወይም ግድግዳ ያሳርፉ፤ የመጀመሪያ ፍርድዎን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጻፉ። ሁለተኛው ተመልካች የመጀመሪያውን ውጤት ሳያውቅ ይይ፤ ካወቀ ሁለተኛ ተመልካች መሆኑ ይቀራል። በተቻለ መጠን የቀን ብርሃን ይጠቀሙ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ቢጫ ስታደላ ወይም በክረምት ሰማዩ ሲጠቁር የቀለም ፍርድን ለማግስቱ ማሳደር ይሻላል።

በደብዛዛ ብርሃን ስለሚታዩ እንግዳ ነገሮች

መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ወይም በጧፍ ብርሃን የሚያጠና፣ የሚጸልይ ወይም በተመስጦ የተቀመጠ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያስደነግጥ ነገር ያያል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ካፑቶ በ2010 ባሳተመው ጥናት 50 ሰዎች በደብዛዛ ብርሃን በመስተዋት ውስጥ የራሳቸውን ፊት ለ10 ደቂቃ እንዲመለከቱ አደረገ፤ ከየሦስቱ ሰዎች ሁለቱ ፊታቸው ሲጣመም አይተዋል፤ የማያውቁት ሰው ፊት ወይም እንግዳ ፍጡር ያዩም ነበሩ። በጨለማ ውስጥ ብቻዋን ያለች ትንሽ ብርሃንን ትኩር ብሎ ማየትም እንዲሁ ነው፤ ብርሃኗ ሳትነቃነቅ የምትንሳፈፍ ትመስላለች። በመስተዋቱ ለሚታየው ነገር ከላይ በወረቀቱ ላይ ያየነው መደብዘዝ ድርሻ እንዳለው ይታሰባል፤ ከዓይን የሚመጣው ምልክት ሲሳሳ አእምሮ ጉድለቱን ከራሱ ይሞላል።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎ መብራት ያብሩ ወይም ፊትዎን ወደ ሌላ ያዙሩ፣ ያርገብግቡ፣ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። ያን ጊዜ ከጠፋ ጤነኛ ዓይን የሚሠራው ሥራ ነው። ያየው ሰው ልጅ ከሆነ አይሳለቁበት፣ «ያዘው» እያሉም አያስፈራሩት፤ የወረቀቱን ሙከራ አብረውት ያድርጉና ክቡ ሲጠፋ ራሱ ይይ። የጸሎትን ወይም የተመስጦን ትርጉም በተመለከተ ግን ይህ መመሪያ የሚናገረው ነገር የለውም፤ እሱ ለእያንዳንዱ ሰውና ለእምነቱ የተተወ ነው።

ከሥራ ወደ መንገድ

በሐሳብ ተውጦ የሚሄድ ሰው ዓይኑ መኪናው ላይ አርፎ መኪናውን ላያይ ይችላል። በስልክ የሚነጋገር አሽከርካሪ፣ ስልኩን በእጁ ባይዝም እንኳ፣ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ሳይገነዘብ እንደሚያልፍ በምርምር ተረጋግጧል፤ የባጃጅ አሽከርካሪዎች የጆሮ ማዳመጫ ችግሩን የሚፈታ የሚመስላቸው ከሆነ ተሳስተዋል። ለሰዓታት ያጠና ወይም ስላይድ ያነበበ ሰው ሞተር ብስክሌት ከማስነሣቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ደጅ ቆሞ ሩቅ ቢመለከት፣ አንገቱን አዙሮ ግራ ቀኙን ቢያይ መልካም ነው። መንገድ ሲያቋርጡ የተፈታ ያልተፈታውን ጥያቄ ማዶ ደርሰው ይቀጥሉበት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

እስከ አሁን የተነገረው ለውጥ ሁሉ በሴኮንድ ወይም በደቂቃ ውስጥ፣ ዓይን ሲያርፍ፣ የሚጠፋ ነው። ካልጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። ድንገት መጋረጃ የወረደ የሚመስል ጥላ፣ አዲስ የጀመረ ብልጭታ፣ በአንድ ጊዜ የበዛ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጥብ፣ የአንድ ዓይን ብርሃን ድንገት መጥፋት፣ ከባድ የዓይን ሕመም ከቅላትና ከማስመለስ ጋር፣ እነዚህ ቀን የሚሰጡ አይደሉም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ግላኮማ የተባለው በሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም ከዳር እየበላ ስለሚመጣ በሽተኛው «ሥራ ላይ ስለማተኩር ነው ዳሩን የማላየው» ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል። በቤተሰብዎ ውስጥ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ ወይም ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ ምልክት ሳይጠብቁ ይመርመሩ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ክፍል አለ። ሲሄዱ ችግሩ በየትኛው ዓይን እንደሆነ ሁለቱን በየተራ ሸፍነው ለይተው ይሂዱ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ሲያርገበግቡና ሲያርፉ ይሻል እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት የቅርብ ሥራ እንደሚሠሩና የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።